ከአባላቱ ቁጥር ይልቅ የምርጫው ሕግ ያሳስበኛል

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የዌልስ ፓርላማ፣ የሴኔድ፣ አባላት ከ60 ወደ 96 ማደጋቸውን የገንዘብ ብክነት ብሎታል። አልስማማም። ከ60ዎቹ ላይ እስቲ ሚኒስትሮቹን ቀንሱ። መንግሥትን የሚጠይቅ ስንት ሰው ይቀራል?

ጤናን ብቻ እንይ። ከዌልስ መንግሥት በጀት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እሱ ነው። የሰሜን ዌልስን ሆስፒታሎች የሚያስተዳድረው የቤትሲ ካድዋላደር የጤና ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2015 በመንግሥት ልዩ ቁጥጥር ስር ገባ። በ2020 መጨረሻ፣ የሴኔድ ምርጫ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ወጣ ተባለ። በ2023 ተመልሶ ገባ! ያኔ የቦርዱ ሊቀመንበርና ገለልተኛ አባላቱ ለቀቁ። ግን በ2020 ከቁጥጥር እንዲወጣ የወሰነው መንግሥት ነበር። ይህን አጥብቆ የሚጠይቅ፣ ሰነዱን ቁጭ ብሎ የሚያነብ የምክር ቤት አባል ያስፈልጋል። ወረፋ ይዘው የሚሰቃዩት ታካሚዎች ናቸውና።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በአዲሱ ሕግ መራጩ ሰው አይመርጥም፤ ፓርቲ ነው የሚመርጠው። በእጩዎቹ ዝርዝር ውስጥ የስሞቹን ቅደም ተከተል የሚወስነው ፓርቲው ነው። በአንድ የምርጫ ክልል 6 ሰው ይገባል። ታዲያ ሥራውን ያልሠራ ተወካይ ከዝርዝሩ አናት ላይ ከተቀመጠ መራጩ በምን ያወርደዋል? የፓርቲ አለቃውን የሚፈራ ተወካይ ደግሞ ሚኒስትር አይሞግትም። ቁጥሩ 96 ይሁን፣ ግን ሕዝቡ ከዝርዝሩ ውስጥ የሚፈልገውን ሰው በስሙ ይምረጥ።