ማስተካከያ፦ የአሜሪካ የቤት ሽያጭ ፈቃድ እንደየግዛቱ ይለያያል

ሰሞኑን በጅማ የቴሌግራም ቡድኖች ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ «የ63 ሰዓት ትምህርት የጨረሰ ሰው በመላው አሜሪካ ቤት ማሻሻጥ ይችላል» ይላል። ስህተት ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ሲሆን 63 ሰዓት የፍሎሪዳ መስፈርት ነው። የየግዛቱ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ባወጣው መመሪያ መሠረት ካሊፎርኒያ 135፣ ቴክሳስ 180 ሰዓት ይጠይቃሉ። የትምህርት ቤቱ የምስክር ወረቀትም ፈቃድ አይደለም፤ ፈተናና የጣት አሻራ ይቀራል። ይህን ያለፈ ሰው እንኳ ራሱን ችሎ አይሠራም፤ ፈቃድ ባለው ዋና ደላላ ሥር መሆን አለበት። ጽሑፉ ይህን ጨርሶ አላነሳውም፤ ትልቁ ጉድለቱም ይኸው ነው። ቴክሳስ ውስጥ ዳላስ ወዳለ ዘመዱ ለመሄድ ቪዛ የሚጠብቅ ሰው ለፍሎሪዳው ኮርስ ባይከፍል ይሻለዋል። እዚህ ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ቤት ለማሻሻጥ ደግሞ የትኛውም የአሜሪካ ፈቃድ አያገለግልም።