ጊዜ ሲያጥር ጭሱን ዝለሉ ያለው ማነው?

እዚህ አሜሪካ፣ ኖርዝ ካሮላይና ግዛት ውስጥ አሳማ በጭስ ማብሰል የዋዛ ጉዳይ አይደለም። የምሥራቁ ሰው አሳማውን እንዳለ አብስሎ ኮምጣጤና በርበሬ ያፈስበታል። የዚያው ግዛት ከተማ የሌክሲንግተን ሰው ደግሞ ትከሻውን ብቻ ይመርጥና ኮምጣጤው ላይ ኬቻፕ ጠብ ያደርጋል። በዚህ የሚኮራረፉ ሰዎች አሉ። እኔ አሳማ አልበላም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው።

ጎረቤቴ የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ነው። አራት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ትከሻ በደንቡ ከተበሰለ በ225 ፋራናይት 12 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ሰዓት ከየት ያመጣል? ስለዚህ ጠዋት ሥጋውን በጨውና በቅመም ያሸዋል። ከፍሪጅ እንደወጣ ጓሮ ያለው ማጨሻ ውስጥ ያስገባና የሂኮሪ እንጨት ያጨስበታል። ሥጋ ጭሱን በደንብ የሚይዘው ገና ቀዝቃዛና እርጥብ ሳለ ነው። ሦስት አራት ሰዓት ይበቃዋል። ከዚያ በፎይል ጥቅልል አድርጎ ቤት ያለው ኦቨን ውስጥ በ300 ይከተዋል።

ፎይሉም ምክንያት አለው። ትልቅ ሥጋ ውስጡ 150 አልፎ ወደ 160 ሲጠጋ ሙቀቱ ቀጥ ይላል። ለሰዓታት ንቅንቅ የለም። ከላዩ የሚተነው እርጥበት ያቀዘቅዘዋላ! ፎይሉ ትነቱን ሲያግደው ሙቀቱ እንደገና መውጣት ይጀምራል። 200 ገደማ ሲደርስ አጥንቱ ሳብ ሲያደርጉት ተንሸራቶ ይወጣል።

ልብ በሉ። ሰውየው ጊዜ አጥሮታል፤ ጭሱን ግን አልነካም። ያሳጠረው ቀሪውን ነው። አንዴ ከተጠቀለለ ሥጋው ሙቀት እንጂ ጭስ አይፈልግም፤ ሙቀቱ ከእንጨት ይምጣ ከኦቨን ግድ የለውም።

እኛስ? የወተት ዕቃ በወይራ ሲታጠን እያየን ያደግን ሰዎች ነን። ጋኑ በጥንጁት ሳይታጠን ጠላ የሚጠምቅ ማን ነበር? ቋንጣው እንኳ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጭስ ይጠጣ ነበር። እዚህ ስንመጣ ታዲያ መጀመሪያ የጣልነው ጭሱን ነው። ባለፈው በዓል የተጠራሁበት ቤት ጠላው ባልታጠነ ዕቃ ተጠምቆ ቀረበ። ጌሾው አለ፣ ብቅሉ አለ፣ ቀናት ተለፍቶበታል። ጠላ ጠላ ግን አይልም። ለምን ስል «ጊዜ የት አለ ብለህ ነው?» ተባልኩ። ቀናት የፈጀ ጠላ ለሩብ ሰዓት ጭስ ጊዜ ያጣል? አንዱማ በጠርሙስ የሚሸጠውን ፈሳሽ ጭስ ጠብ እናድርግበት አለ። ተናድጄ ዝም አልኩ።

ዶሮ ወጡም ያው ነው። ሽንኩርቱ ገና ውሃውን ሳይጨርስ ዘይትና በርበሬ ይገባበታል። ከዚያ ሥጋው ሦስት ሰዓት ሙሉ ይንተከተካል! ጊዜው እኮ አለ፤ የዋለው ያለቦታው ነው።

አፓርታማ የሚኖር ሰው ላይ አልፈርድም። ጭስ ጠቋሚው አንዴ ከጮኸ ጣጣው ብዙ ነው። የምናገረው ጓሮ ስላለን ሰዎች ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ እኮ ጓሮም የላት። ኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ፣ ቡና የምታፈላበት ከሰል ላይ የወይራ ስንጥር ጣል ታደርግና የእርጎ ዕቃዋን ትደፋበታለች። ጭሱ በዳር በዳር ሾልኮ ሲወጣ አፉን በጨርቅ ትከበዋለች። ሦስተኛው ቡና ሳይወርድ ዕቃው ታጥኗል። እሷም ሠራተኛ ናት፤ በታክሲ ሰልፍ ላይ የምታጠፋውን ሰዓት እግዜር ይወቀው።

እዚሁ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ለፋሲካ ጠላ የምትጠምቁ ካላችሁ ዕቃውን ቀደም ብላችሁ አምጡልኝ። ወይራ ከአገር ቤት አስመጥቻለሁ። ከሥራ ስወጣ፣ ማታም ቢሆን፣ ጓሮ አጥንላችኋለሁ።