ሎጁ የማን ነው?

የዝናብ ደን ውስጥ ያሉ የኢኮ ሎጆችን፣ ማለትም ተፈጥሮን ሳንጎዳ እንግዳ እናሳድራለን የሚሉ ማረፊያዎችን፣ ማስታወቂያ በተከታታይ ላየ ሰው ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስሉታል። በዘንባባ ቅጠል የተከደነ ጎጆ፣ የእንጨት በረንዳ፣ በሁለት ዛፍ መካከል የተወጠረ የመረብ አልጋ፣ ራቅ ብሎ ሶላር ፓኔል፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ደግሞ «ፎጣዎን ደግመው በመጠቀም ምድራችንን ይታደጉ» የምትል ካርድ። እንግዳው ይህን ያያል፣ ልቡ ያርፋል፣ ይከፍላል።

ከካርዷ ጋር ጠብ የለኝም። ሳሙና ትቆጥባለች፣ ውሃ ትቆጥባለች፣ የባለቤቱንም ወጪ ትቀንሳለች። ነገር ግን አንድ ሎጅ አጠገቡ ያለውን ብሔራዊ ፓርክ መጥቀሙን ወይም መጉዳቱን የሚወስነው ነገር ፎቶ ላይ አይወጣም። መሬቱ በማን ስም ነው? ትርፉ ወዴት ይሄዳል? አለመግባባት ሲነሳ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው? ይህን ሳይጠይቁ ሎጅ መምረጥ ቀለሙን አይቶ ቤት እንደመግዛት ነው።

እስቲ ከሚታየው ልጀምር። ጥቅጥቅ ባለ የዝናብ ደን ውስጥ የዛፎቹን አናት ሰንጥቆ መሬት የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን እጅግ ጥቂት ነው። ሶላር ፓኔል ደግሞ ጥላ አይወድም። ስለዚህ ሎጁ ወይ ዛፍ ቆርጦ ሰማዩን ይከፍታል፣ ወይ ፓኔሉን ወንዝ ዳር ገላጣ ቦታ ተክሎ እስከ ኩሽናው ድረስ ገመድ ይስባል። ከዚያ ዝናቡ ይመጣል። ሰማዩ ለቀናት ሲጨልም ባትሪው ይደክማል፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ምግብ እንዳይበላሽም ከኩሽናው ጀርባ ጄኔሬተር ይነሳል። ጄኔሬተር መኖሩ ነውር አይደለም። ማታ ማታ ለጥቂት ሰዓታት አስነስቶ ክፍሎቹን በፋኖስ የሚያሳድር ሎጅ፣ አየር ማቀዝቀዣዬ ሳይቀር በፀሐይ ይሠራል ከሚለው ይልቅ እኔ ዘንድ ይታመናል።

የቅጠሉ ክዳንም የራሱ ጉድ አለው። ውብ ነው፣ ሙቀት ይከላከላል፣ የዝናቡን ድምፅ ያለሰልሳል። ይሁን እንጂ ይበሰብሳል፤ በየጥቂት ዓመቱ መቀየር አለበት። የአንድ መመገቢያ አዳራሽ ክዳን ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ቅጠል ይፈልጋል፤ ቅጠሉም የሚመጣው ከዚያው ደን ነው። ለጋውን አስቀርቶ የደረሰውን ቅጠል ብቻ መቁረጥ ይቻላል። ዘንባባውን ከነግንዱ ገንድሶ መውሰድም ይቻላል፣ እንዲያውም ይፈጥናል። ቆራጩ የመሬቱ ባለቤት ከሆነ ለሚቀጥለውም ክዳን ቅጠል እንደሚያስፈልገው ያስባል። በቅጠል ብዛት ተከፍሎት የሚሄድ የቀን ሠራተኛ ከሆነ ግን ስለሚቀጥለው ክዳን የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። ቱሪስቱ ከሁለቱም ክዳን ሥር ቁጭ ብሎ ቡናውን ሲጠጣ ልዩነቱን አያየውም።

ባለቤትነት ላይ ሙጭጭ የምለው ለዚህ ነው። በፔሩ ደቡብ ምሥራቅ፣ በታምቦፓታ ወንዝ ዳር ኢንፊየርኖ የሚባል ማኅበረሰብ አለ። ነዋሪዎቹ ኤሴ ኤሃ የተባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ የወንዝ ዳር ሰፋሪዎችና ከአንዲስ ተራሮች የወረዱ ገበሬዎች ናቸው። ይህ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1996 ሬይንፎረስት ኤክስፔዲሽንስ ከተባለ የግል አስጎብኚ ድርጅት ጋር የ20 ዓመት ውል ፈረመ። ከትርፉ 60 በመቶው ለማኅበረሰቡ፣ 40 በመቶው ለድርጅቱ ሆነ፤ ውሳኔ ላይ ሁለቱም እኩል ድምፅ ያዙ። ፖሳዳ አማዞናስ የተባለው ሎጅ በ1998 እንግዳ መቀበል ጀመረ።

ሎጁ የቆመው በማኅበረሰቡ በራሱ መሬት ላይ ነው። አጠገቡ የታምቦፓታ ጥብቅ ሥፍራ አለ፤ በወንዙ ሽቅብ ሲዘልቁ ደግሞ የባሁዋሃ ሶኔኔ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ክፍሎቹ በደኑ በኩል ግድግዳ የላቸውም። እንግዳው አጎበር ውስጥ ጋደም ብሎ ደኑን ፊት ለፊት ያየዋል፤ ነፋሱ እንደልቡ ስለሚገባ የአየር ማቀዝቀዣ ጥያቄ አይነሳም። ይህን ንድፍ ወድጄዋለሁ፤ የበለጠ የሚገርመኝ ግን የንስሩ ጉዳይ ነው። በዚያ ደን ሃርፒ የሚባል፣ ጦጣ ከዛፍ ላይ ነጥቆ የሚበላ ግዙፍ ንስር አለ። ጎጆውን የሚሠራው ከሌሎቹ ሁሉ በላይ በረዘመ ዛፍ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለው ዛፍ ደግሞ ለጣውላ ይፈለጋል። ሎጁ ከመጣ በኋላ፣ መሬቱ ላይ የንስር ጎጆ የተገኘለት ቤተሰብ ጎብኚ ሲመጣለት ይከፈለው ጀመር። ከዚያ በኋላ ንስሩን ወይም ዛፉን መንካት የራስን ገቢ መቁረጥ ሆነ።

ነገሩን ማር አላስመስለውም። የትርፍ ክፍፍሉ ማንንም ሀብታም አላደረገም፤ በማኅበረሰቡ ውስጥ ጭቅጭቅም አልጠፋም። ጎረቤቱን ማየት ግን ያስፈልጋል። በዚያው በማድሬ ዴ ዲዮስ ክልል፣ የታምቦፓታ ጥብቅ ሥፍራ ዙሪያ ሆኖ ሊጠብቀው በተከለለው መሬት ላይ ላ ፓምፓ የሚባል ቦታ አለ። ሕገ ወጥ ወርቅ ቆፋሪዎች ደኑን ገልብጠው ወደ ጭቃ ኩሬ ቀይረውታል፤ ወርቁን ከአሸዋው ለመለየት የሚጠቀሙበት ሜርኩሪም ወንዙና ዓሣው ውስጥ ይገባል። የፔሩ መንግሥት በ2019 መጀመሪያ ወታደርና ፖሊስ አዝምቶ እስከማስወጣት ደርሷል። አንድ ወጣት ደኑን ትቶ ወርቅ ቁፋሮ ልሂድ ወይስ አስጎብኚ ልሁን ብሎ በሚያመነታበት አገር፣ የሎጁ ተቀጣሪ ብቻ መሆኑና ባለድርሻ መሆኑ ትልቅ ልዩነት አለው። ደመወዝ ብቻ ከሆነ ወርቁ ይበልጣል።

ቦሊቪያ ውስጥ ማዲዲ ብሔራዊ ፓርክ ያለው የቻላላን ሎጅም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። በውጭ ድጋፍ ተሠርቶ፣ በ2001 ሙሉ በሙሉ ለሳን ሆሴ ደ ኡቹፒያሞናስ መንደር ተላልፏል።

ሌላውን ገጽ ለማየት ወደ ኡጋንዳ ብዊንዲ እንሂድ። ደኑ በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሲባል፣ ለትውልዶች የኖሩበት የባትዋ ሕዝቦች ካሣ ሳያገኙ ወጡ። በደኑ የሚኖሩት የተራራ ጎሪላዎች ጥበቃ ተሳክቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነው ቆጠራ የተራራ ጎሪላ ቁጥር ከ1,000 በላይ ደርሶ፣ በዚያው ዓመት ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መዝገብ አንድ ደረጃ ወጥቷል። ለዚህ ከረዱት አንዱ የቱሪስት ገንዘብ ነው፤ የውጭ አገር ጎብኚ ዛሬ ጎሪላዎቹን ለአንድ ሰዓት ለማየት 800 ዶላር ይከፍላል። በሕጉ መሠረት ለአጎራባች ማኅበረሰቦች የሚመለሰው 20 በመቶ ግን የሚሰላው ከፓርኩ መግቢያ ክፍያ ነው፤ ከጎሪላው ፈቃድ የሚደርሳቸው ትንሽ ነው። በፓርኩ ዙሪያ ውብ ሎጆች አሉ። ባትዋዎች ደግሞ አባቶቻቸው ደን ውስጥ እንዴት ያድኑና እሳት ያነዱ እንደነበር ለቱሪስት ያሳያሉ፤ ትርኢቱ የሚታየው ከደኑ ውጭ ነው። እንዲህ ያለውን ጉብኝት «የባህል ልምድ» ብሎ የሚሸጥልኝ ሎጅ ከገቢው ስንቱ ለእነሱ እንደሚደርስ ካልነገረኝ አልሄድም።

በ2020 ወረርሽኙ ድንበር ሲያዘጋ የዚህ አሠራር ስስ ጎን ወጣ። የኡጋንዳ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ሕገ ወጥ አደን ከእጥፍ በላይ መጨመሩን አስታወቀ። በጁን ወር ራፊኪ የተባለው የታወቀ የጎሪላ መንጋ መሪ በአዳኝ ጦር ተወግቶ ሞቶ ተገኘ፤ ገዳዩ ትንሽ እንስሳ ሊያድን የገባ የአካባቢው ሰው ነበር፣ 11 ዓመት ተፈረደበት። ጥፋቱ ጥፋት ነው። ቱሪስት ሲቀር ምንም የማይቀርለት ጎረቤት ግን ፓርኩን ለመጠበቅ የሚያነሳሳው ምክንያት የሳሳ ነው። ስለዚህ ሎጁ የማኅበረሰቡ ይሁን ስል የማኅበረሰቡ መተዳደሪያ ሎጁ ብቻ ይሁን ማለቴ አይደለም፤ ማሳውም ዓሣውም ከጎኑ መቀጠል አለበት።

የምስክር ወረቀትስ? ኮስታ ሪካ ከ1997 ጀምሮ ሆቴሎችን በዘላቂነት መለኪያ እየመዘነች ደረጃ ትሰጣለች፤ በፊት ደረጃው የሚገለጸው በአረንጓዴ ቅጠል ብዛት ነበር፣ ከፍተኛው አምስት። ቆሻሻው የት እንደሚሄድ፣ ውሃው እንዴት እንደሚጣራ፣ ስንት ኃይል እንደሚባክን መጠየቁ ጥሩ ነው፤ ፍሳሽ በተለይ እርጥብ አፈርና ብዙ ወንዝ ባለበት አገር ቀልድ አይደለም። ባለቤቱ ሌላ አህጉር የሚኖር ሎጅም ግን አምስት ቅጠል ማግኘት ይችላል። እኔን የበለጠ የሚያሳምነኝ እዚያው ኮስታ ሪካ ባለው ኮርኮቫዶ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከ2014 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ ነው፤ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ሳይዙ መግባት አይቻልም። በአንድ ደንብ ጎብኚው ይመራል፣ እንስሳው ያርፋል፣ በዙሪያው ያለ ወጣትም እንጀራ ያገኛል።

አውሮፕላኑንስ ምን ልትለው ነው የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው። ውቅያኖስ አቋርጦ የሚደረግ በረራ የሚለቀውን ካርቦን ሎጁ በሳምንት ውስጥ በሚቆጥበው መብራት ማካካስ አይቻልም፤ የሚቻል የሚያስመስል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት። እዚያ ከሄዱ ግን ሁለት ሌሊት አድሮ ወደ ሌላ አገር ከመብረር እዚያው ሰንበት ማለት ይሻላል። ለደኑም ይሻላል፤ ሃርፒ ንስር በሁለት ቀን ላይታይ ይችላል።

ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ለሎጁ አጭር ኢሜይል ጻፉ። መሬቱ የተከራየ ነው ወይስ የራሱ? ከአካባቢው ሰዎች ጋር የትርፍ ክፍፍል ውል አለው? ውሉ ሲያበቃ ሕንፃው ለማን ይቀራል? ሥራ አስኪያጁ ከየት ነው፣ ከአስጎብኚዎቹ መካከልስ እስከዚያ ወንበር የደረሰ አለ? ባለቤትነቱን ያካፈለ ሎጅ ይህን ለመናገር አይቸገርም፤ እንዲያውም ሳትጠይቁትም ያወራል። የሚመጣላችሁ መልስ ስለ ፕላስቲክ ገለባና ስለ ፎጣ ብቻ ከሆነ ሌላ ሎጅ ፈልጉ።