ለማይነካው መስመር የቀረበ ውዳሴ

የሐረሩ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ፣ በጽናት ከእርሱ የማይተናነሰው የዘመናችን ድንበር ተረስቶ መቅረቱ ይቆጨኛል። ይህ ድንበር በየቢሮው ሞኒተር ላይ ከግራ የፋይሎችን ዝርዝር፣ ከቀኝ የተከፈተውን ፋይል የሚለየው ቀጭን መስመር ነው። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች መስመሩ ወዲያና ወዲህ እንዲንቀሳቀስ ብዙ ደክመዋል፤ ማውዙ ሲጠጋው ቀስቱ ሁለት ራስ ያወጣና «ጎትቱኝ» ይላል። የእኛ ሠራተኞች ግን በእንዲህ ያለ ማባበያ የሚረቱ አይደሉም።

ሰሞኑን የአጎቴን የአብዱልከሪምን ፋይል ፍለጋ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ሞኒተሩ ሰፊና አዲስ ነው፤ ላስቲኩ እንኳ ገና አልተላጠም። የቀኙ ወገን እንደ ፈረስ መጋላ አደባባይ ተንጣሎ ባዶውን ተኝቷል፤ የግራው ግን ከጠባቡ የመኪና ግርግር መንገድ ጠብቦ ስሞቹ በአንገታቸው ተቆርጠዋል። ሐረር ላይ ስም ከአንገቱ ሲቆረጥ ምን እንደሚተርፍ ታውቃላችሁ፤ አብዱላሂም፣ አብዱረህማንም፣ አብዱሰላምም፣ የእኔውም አጎት ሁሉም እኩል «አብዱ…» ሆነው ተሰልፈዋል። እንዲህ ያለ እኩልነት በየትኛው አገር ይገኛል?

«እህቴ፣ መስመሯን ጎተት ቢያደርጓት ስሙ ሙሉውን ይታይ ነበር» ብል፣ «ተዉ ወንድሜ፣ እንዳይበላሽ! ስንረከበውም እንዲሁ ነበር» አሉኝ። የተረከቡትን ሳይነኩ የሚያስረክቡ ሠራተኛ ማግኘት መታደል ነው፤ ፋይሎቹንም አንድ በአንድ እየከፈቱ፣ እየዘጉ፣ ደግሞ እየከፈቱ በትዕግሥት ይፈልጉልኝ ጀመር።

የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባቸው ደግሞ ይብሳሉ። ኤክሴል ዓምዱ ሲጠብበት በቁጥሩ ፋንታ «####» ይደረድራል፤ የዓምዱን ጠርዝ ከላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ቢያደርጉት በራሱ ይሰፋል። እርሳቸው ግን የሠራተኛን ደመወዝ ምስጢር ለመጠበቅ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ስላላገኙ (እኔም አላገኘሁም) እንዳለ ትተውታል። መስመሩን በስህተት እስከ ዳር ገፍተው «ፋይሎቹ ጠፉ» ብለው ባለሙያ የሚያስጠሩትን ግን አላወድስም፤ እነርሱ ቢያንስ ነክተዋል።

ዘጠነኛው ፋይል ሲከፈት እህታችን «አብዱልከሪም!» ብለው በደስታ ጮኹ። የአባትየው ስም ግን ሌላ ነበር፤ የምሳ ሰዓትም ደርሶ ነበር።