ጉሎን ከአረም ጋር አታቃጥሉብን

ሰሞኑን ደሴ ላይ ስለ አረም ማስወገድ ዘመቻ በተደረገ አንድ ስብሰባ፣ ጉሎና አስተናግር ከቅንጨ አረም እኩል ተነቅለው እንዲቃጠሉ ተወሰነ። አንድ ተሰብሳቢ «ዘራቸው ዘይት አለው፣ ለመድኃኒትነት ይጠና» ቢል ኃላፊው ከመድረክ የሰጡት መልስ አንጀቴን አሳረረው። «ከአረም ዘር መድኃኒት የሚወጣ ቢሆን ኖሮ ፈረንጆቹ ቀድመው ያወጡት ነበር።»

አውጥተውታል እኮ! የጉሎ ዘይት ለሆድ ድርቀት በዓለም ዙሪያ በፋርማሲ ይሸጣል። 90 በመቶ ገደማው ሪሲኖሌይክ የሚባል አሲድ ነው፤ አንጀትን የሚያንቀሳቅሰውም እሱ ነው።

ነገሩ በሆድ ድርቀት ብቻ አያበቃም። ፓክሊታክሴል የሚባል የካንሰር መድኃኒት አለ። ለጡት ካንሰር በብዛት ይሰጣል። ችግሩ ውሃ ውስጥ አለመሟሟቱ ነው። ታዲያ እንዴት በደም ሥር ይሰጥ? መላ የተገኘው ከጉሎ ዘይት በተሠራ ማሟሚያ ነው። አሜሪካ መድኃኒቱን በ1992 እ.ኤ.አ. ስትፈቅድ የጉሎው ማሟሚያ አብሮት ነበር። ኩላሊት ለተተካላቸው ሰዎች የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪንም በደም ሥር ሲሰጥ የሚሟሟው በዚሁ ነው። ጉሎን በብዛት አምርታ ለዓለም የምትሸጠው ህንድ ናት። መነሻው ግን የእኛው ምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ የእጽዋት ሊቃውንት ይናገራሉ። እዚህ በየአጥሩ ሥር፣ በየቆሻሻ መጣያው ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። እኛ ክብሪት እንጫርበት፣ ሌላው ጨምቆ ይሽጥልን ማለት ነው?

የወሎ እናቶች ከዚያ መድረክ የተሻለ ያውቃሉ። ጉሎውን ቆላ አድርገው ይወቅጡታል። ጥቁሩን ልቁጥ በጨርቅ ቋጥረው የጋለውን ምጣድ ያስሱበታል። እንጀራው ሳይይዝ ይነሳል። ቆዳ አልፊውም ቁርበቱን ያለሰልስበታል። እነዚህ ሰዎች ዘሩ ውስጥ ያለውን ያወቁት አበል እየተከፈላቸው አይደለም።

«መርዝ ነው» የሚሉም አሉ። የጉሎ ፍሬ ውስጥ ሪሲን የሚባል ገዳይ መርዝ መኖሩ እውነት ነው። ግን ዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ ሲጨመቅ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ዘይቱ ራሱ የሚመርዝ ዘርም አለ። በ1998 እ.ኤ.አ. ህንድ ዴልሂ ላይ ቢጫ አበባ ያላት የአንዲት እሾሃማ አረም ዘር ዘይት ከሰናፍጭ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ከ60 በላይ ሰው ገድሏል። የዚያች አረም ዘመድ ቆቦ ማሽላ ማሳ ውስጥም አለች። ታዲያ ይህ ሁሉ ዘሩ ቶሎ ላብራቶሪ ይግባ ያሰኛል እንጂ ይቃጠል ያሰኛል? ምን እንደሆነ ሳናውቅ ያቃጠልነው ነገር መርዝም ይሁን መድኃኒት ምን አስተማረን?

ቅንጨ አረም ይነቀል፤ በእሱ የሚከራከር የለም። አስተናግር ግን ሌላ ነው። የዓይን ሐኪም ብሌን ለማስፋት የሚጠቀምበት፣ በፀረ ተባይ ኬሚካል የተመረዘ ገበሬም የሚተርፍበት አትሮፒን እዚያ ተክል ውስጥ አለ። የዘሩ ዘይትም ብዙ እንደሚያሳየን አልጠራጠርም።

ደሴ ላይ ፋርማሲ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለን። ስሪንቃ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለን። በጉሎና በአስተናግር ላይ ዘመቻው ይቁምና ከየወረዳው ዘሩ ተለቅሞ ለእነሱ ይሰጥ። ይጨመቅ፣ ይመርመር፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር። ኃላፊውም የዚያን ቀን መድረክ ላይ ይቀመጡና ያንኑ መልስ ይድገሙልን።