ግልጽ ደብዳቤ፦ ለክቡር «ክፍያው የሚጸናበት ቀን»

ክቡር ሆይ፣

«ቀን የጣለው ሰው» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ብሰማም፣ የሚጥለው ቀን ማኅተም ተመትቶበት በፖስታ እንደሚመጣ ያወቅሁት፣ በአሜሪካ ጦር ያገለገለው የእኅቴ ልጅ ስለ ጉዳት ካሣው በደረሰው የውሳኔ ደብዳቤ ላይ፣ ካሣው መቆጠር የሚጀምርብዎን እርስዎን ያነበብሁ ዕለት ነው።

ልጁ ከአፍጋኒስታን ተመልሶ ከሠራዊቱ የተሰናበተው በፈረንጆቹ፣ ማለትም በእርስዎ አቆጣጠር፣ በ2010 ነው። ከዚያ ወዲህ ጀርባውን ለግድግዳ ካልሰጠና በሩ ካልታየው ቡና አይጠጣም፤ እናቱ ረከቦቷን ከቦታው ያነሣችው ለእርሱ ስትል ነው። የጎረቤት ልጅ ፊኛ ያፈነዳ ዕለት ሲኒው እጁ ላይ ተሰበረ። እኛም «እብድ» እንዳይባልብን ፈርተን 13 ዓመት በጠበልና በዝምታ ከረምን። በ2023 ካሣ እንዲከፈለው ሲያመለክት የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የአእምሮ ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመጣ መሆኑን አመነ፤ እርስዎ ግን ማመልከቻው በደረሰበት ዕለት ተተከሉ። ያውም ገንዘቡ የሚታሰበው ከተከታዩ ወር መጀመሪያ ጀምሮ ነው፤ በመካከል የቀሩት ቀናት ለእርስዎ ጉርሻ ይሆኑ?

ሕጉን አላነበብሁም እንዳይሉኝ። ከስንብቱ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ያመለከተ ሰው ከስንብቱ ማግስት ጀምሮ ይታሰብለታል፤ ያለዚያ ማመልከቻው ከደረሰበትና መብቱ ከተገኘበት ቀን የኋለኛው ይያዛል። በ1981 ከባሕር ኃይል የተሰናበቱት አቶ አሬያኖ፣ እስከ 2011 ሳያመለክቱ የቆዩት ያው የአእምሮ ሕመማቸው አግዷቸው እንደ ሆነ ቢከራከሩም፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 2023 የአንድ ዓመቱ ገደብ በእንዲህ ዓይነቱ ምክንያት አይራዘምም ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። እግሩ የተሰበረውን ሰው «ለምን ሮጠህ አልደረስህም?» ማለት እንግዲህ በሕግም ጸንቶልዎታል፤ እንኳን ደስ ያለዎ።

ስለዚህ ስለ 13ቱ ዓመታት አንጨቀጭቅዎትም። ይግባኛችን ስለ 11 ወር ብቻ ነው። ልጁ ሙሉ ማመልከቻውን ከማስገባቱ 11 ወር አስቀድሞ የማመልከት ሐሳቡን በቅጽ አስታውቆ ነበር፤ ይህ ቅጽ ደግሞ ሙሉው ማመልከቻ በዓመቱ ውስጥ እስከ ተከተለው ድረስ ቀኑን ይይዛል። እናቱ «ወረቀት አይጣልም» ብላ የጠበሉን ጀሪካን ያስቀመጠችበት የማረጋገጫ ወረቀት፣ ክብ የውኃ ምልክት ቢኖርበትም፣ ቀኑ በደንብ ይነበባል። ውሳኔው ከተሰጠ ዓመት ሳይሞላ፣ ለይግባኝ ቦርድ ከማቅረብና በከፍተኛ ገምጋሚ ዳግም ከማስመርመር ይልቅ፣ ጉዳዩ በአዲስ ማስረጃ የሚታይበትን መንገድ መርጠን ወረቀቱን ልከነዋል፤ ዓመቱ ካለፈ ውሳኔውን ለማንሣት ግልጽና የማያከራክር ስሕተት አምጡ እንደምንባል ሰምተናልና።

በዚህ ደብዳቤ ላይ ቀን ያልጻፍሁት ረስቼ አይደለም፤ መቼም ቢጻፍ እርስዎ የሚቆጥሩት ከደረሰዎ ዕለት ጀምሮ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የልጁ አጎት