ይድረስ ለክቡር የጭንቅላቴ ንቅናቄ

ክቡርነትዎ፣ ንቅናቄ ስልዎ ፓርቲ የመሠረትኩ እንዳይመስልብኝ። የምለው የገዛ ራሴን መወዝወዝ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ከአዘዞ በባጃጅ ስመጣ በየጉድጓዱ ሲነቀነቁ ምንም አላልኩም። የአንጎል ፎቶ ማንሻው ኤምአርአይ ውስጥ ስገባ ያርፋሉ ብዬ ነበር። ባለሙያዋ ጭንቅላቴን ግራና ቀኝ በስፖንጅ ወትፋ «ጋሼ፣ አደራ እንዳይነቃነቁ» አለች። ማሽኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህ ጀመር። መሀል ላይ በድምፅ ማጉያው «ደህና ነዎት?» ስትለኝ ምን አደረጉ? እንደ አገሩ ወግ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበው «እህ» ብለው ቀና አሉ! ቆየት ብሎ ደግሞ ሰው የገባ መሰለዎትና «ኖር» ለማለት ቃጣዎት።

ያበላሹትን ያውቁታል? ይሄ ዲፊውዥን የሚሉት ምርመራ አንጎል ውስጥ ያለው ውሃ እንዴት እንደሚቅበዘበዝ ነው የሚለካው። ውሃው በ50 ሚሊሰከንድ የሚሄደው የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ገደማ ነው። እርስዎ በአንድ «እህ» ሁለት ሚሊሜትር! የጥምቀት ለት ፋሲል መዋኛ ዳር አንዲት ጠብታ በዓይን ሲከተሉ ዘሎ የሚገባ ጎረምሳ አለ አይደል? እሱን ነዎት።

በፍጥነት እንቅደመው ተባለ። አንዷ ስስ የአንጎል ገጽ በሰከንድ አንድ አስረኛ ገደማ ትነሳለች፤ ለመደብዘዝ ጊዜ የላትም። ግን ውሃው በየት በኩል እንደሚያዘነብል ለማወቅ በብዙ አቅጣጫ ደጋግሞ ማንሳት ግድ ነው። በመሀሉ እርስዎ ቦታ ቀይረዋል። ሶፍትዌሩ ምስሎቹን አንዱን ባንዱ ላይ ያጋጥማል። የትኛው ምስል በየት አቅጣጫ እንደተነሳ የሚናገረውንም ሰንጠረዥ አብሮ ማዞር አለበት፤ አለዚያ ወደ ፒያሳ የሚሄደው የነርቭ መንገድ ቀሃ ይወርዳል። ምስሉ ይጥራ ተብሎ አንዷን ገጽ በቁርጥራጭ ካነሷትማ ቁርጥራጮቹ እርስ በርስ ይጣላሉ፤ ለማስታረቅ ባለሙያዎቹ በየተራው የእርስዎን ነገር የምታሳብቅ አጭር ተጨማሪ ምልክት ይቀዳሉ።

የከፋው ግን ልኬቱ መሀል ድንገት ሲወራጩ ነው። ገጿ ትጠቁራለች። ማጋጠም አያድናትም፤ ሶፍትዌሩ ከቀሩት ምስሎች ገምቶ ይሞላታል። የገዛ አንጎሌን በግምት!

ለሐሙስ ተቀጥረናል። በ44ቱ ታቦት ይዤዎታለሁ፣ «ደህና ነዎት?» ስትል ለአውራ ጣቴ ይተዉለት።

ከአንገት በላይ በሆነ አክብሮት፣
ከአንገት በታች ያለሁት